«ሺ ኢዝ ዶክተር» ወይስ «ሺ ኢዝ ኤ ዶክተር»?

ጥያቄ፦
በእንግሊዝኛ ከሙያ ስም በፊት አርቲክል («ኤ»፣ «አን» ወይም «ዘ») የሚገባው መቼ ነው? «ሺ ኢዝ ኤ ዶክተር» ይባላል፤ «ዶክተር ስሚዝ» ሲባል ግን ምንም የለም። «ሺ ኢዝ ማናጀር ኦቭ ዘ ባንክ» እና «ሺ ኢዝ ዘ ማናጀር ኦቭ ዘ ባንክ» ደግሞ ሁለቱም ተጽፈው አያለሁ። ለሥራ ማመልከቻ ነው የምፈልገው።

መልስ 1፦
የሙያ ስም እንደማንኛውም የሚቆጠር ስም ነው፤ ነጠላ ሆኖ ባዶውን አይቆምም። እኛ «ሐኪም ናት» ብለን ስለምንጨርስ «ኤ» ትረሳለች። «አይ ዎርክ አዝ ኤ ነርስ»፣ «ሂ ቢኬም ኤ ቲቸር» ነው የሚባለው። በብዙ ቁጥር ትወድቃለች፤ «ማይ ዶክተር» ላይም ቦታ የላትም።

«ኤ» ወይስ «አን» የሚለውን የሚወስነው ድምፅ ነው፣ ፊደል አይደለም። «አን አካውንታንት» እንላለን፤ «ኤ ዩኒቨርሲቲ ሌክቸረር» ግን በ«ይ» ድምፅ ስለሚጀምር «አን» አይወስድም። «አን ኤችአር ማናጀር» በአናባቢ ድምፅ ይጀምራል። ቅጽል ከቀደመ የሚታየው እሱ ነው፦ «አን ኢንጂነር»፣ «ኤ ሲቪል ኢንጂነር»።

መልስ 2፦
የባንኩ ምሳሌ ሁለቱም ልክ ነው። ቦታው በአንድ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ ከሆነ «ዘ» ማስገባትም መተውም ይቻላል። «ኤ ማናጀር» ካልን ግን ሌሎች ማናጀሮችም አሉ ማለት ነው። ከሹመትና ከምርጫ ግሶች በኋላ መተዉ የተለመደ ነው፦ «ሺ ዎዝ አፖይንትድ ዳይሬክተር»። ይህን ፈቃድ ወደ ተራ ሙያ ማዛመት ነው ስህተቱ፤ «ሺ ኢዝ አካውንታንት» አይሆንም።

ጠያቂው፦
እንግዲያው «አይ ዎርክድ አዝ አካውንታንት» ስህተት ነው?

መልስ 2፦
አዎ፣ «አዝ አን አካውንታንት» በሉት። «አዝ ሄድ ኦቭ ፋይናንስ» ግን እንዳለ ይሄዳል። በሲቪ ላይ ለብቻው በርዕስ መልክ የሚቀመጥ የሥራ መደብም አርቲክል አይፈልግም።

መልስ 3፦
ማዕረግ ከስም ጋር ሲገጥም አርቲክል የለም፦ «ኩዊን ቪክቶሪያ»፣ «ፕሬዚደንት ሊንከን»። ሁሉም ሙያ ግን ማዕረግ አይሆንም። «መምህር እከሌ»፣ «ኢንጂነር እከሌ» እንደምንለው «ቲቸር ስሚዝ» ብሎ ደብዳቤ መጀመር እንግዳ ነው፤ «ሚስተር» ወይም «ሚዝ» ይሻላል። ሙያውን ከስሙ ጋር መጥቀስ ካስፈለገ «ዘ ፊዚሲስት አልበርት አይንስታይን» ይባላል፤ ጋዜጦች «ዘ»ን ቢቆርጧትም። «ኤ ዶክተር ስሚዝ ኮልድ» ካጋጠማችሁ ደግሞ የኅትመት ስህተት አይደለም፦ «ዶክተር ስሚዝ የሚባል የማላውቀው ሰው ደውሎ ነበር» ማለት ነው።