«ቤ»ን ለማግኘት ከ«በ» የሚነሳው ልጅ

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ ሰላም ለቤቱ። አንድ ጎበዝ የምለው ልጅ አለኝ። የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ ሳይተነፍስ ይወርደዋል። ዛሬ ሰሌዳ ላይ «ቤ»ን ብቻዋን ጻፍኩና «ይህቺ ማናት?» አልኩት። ዝም። ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል፤ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ... «ቤ!» አለኝ። ግራ ሲገባኝ ገበታውን ዘቅዝቄ ሰቀልኩት። በዚያው ዜማ ወረደው! ሀሁ ማስጮሁን ትተን፣ ጥቂት ፊደል አስይዘን ቶሎ ወደ ቃል ብንገባ ምን ይመስላችኋል?

የ30 ዓመት መምህር፦ አንቺም እኔም ፊደል የቆጠርነው በዚሁ ዜማ ነው። ይኸው እናነባለን። እኔ ክፍል 70 ልጅ አለ፣ መጽሐፉ ለሦስት አንድ ነው። ሁሉም አፉን የሚከፍትበት ሌላ ምን መላ አለ? ደግሞ ገበታው ዝም ብሎ ዝርዝር አይደለም። ካዕብ (ሁለተኛው፣ እንደ ቡ) ጎኑ ላይ ጭረት ያወጣል፣ ሣልስ (ሦስተኛው፣ እንደ ቢ) እግሩ ላይ፤ ኃምስ (አምስተኛው፣ እንደ ቤ) ቀለበት ያስራል። ይህ የገባው ልጅ 231 ፊደል መሸምደድ የለበትም።

የ2ኛ ክፍል መምህር፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ «ይኸው እናነባለን» የምንለው ያነበብነው ብቻ ነን። አብረውን ጮኸው የቀሩት እዚህ የሉም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ የአገራችን ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 በመቶ ያህሉ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ደግሞ ሳድስን፣ ስድስተኛውን፣ ረሱት። ል፣ ም፣ ር፣ ብ፤ የትኛው ሕግ ነው የሚያገናኛቸው? ያለ ሳድስ «ላም» እንኳ አይነበብም።

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። የለ፣ የመ እና የበ ቤት ብቻ ብናስተምር 21 ፊደል ነው። ላም፣ ሎሚ፣ ልብ፣ በላ፣ ሙሉ ከዚያው ይወጣሉ። በገበታው ተራ ስንሄድ ግን ገና በሦስተኛው መስመር ሁለተኛው ሀ፣ «ሐ»፣ ይመጣል። «ቲቸር፣ ይቺ ሀ ናት አላልሽም?» ሲሉኝ ለስድስት ዓመት ልጅ ስለ ግዕዝ ቋንቋ ላውራ?

የኔታ ቤት ያደግኩ፦ ቆይ ቆይ። ዜማውን የቄስ ትምህርት ቤት ላይ አትደፍድፉ። የኔታ ዘንድ ሀሁ የጨረሰ ልጅ አቡጊዳ ይቆጥራል። አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። ቤቱም ድምፁም ተደበላልቋል። በቃሉ የሚወርደው እዚያ ጋ ይነቃበታል። ስንደዶ ይዘን እያንዳንዷን ፊደል እየነካን ነበር የምንጠራው። ያልነካሃትን ብትጠራ ኩርኩም ነው (ኩርኩሙ ይቅር)። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ጩኸቱን ወሰደ፣ ስንደዶውንና አቡጊዳውን ጣለ። ገበታው ምን አጠፋ?

የ2ኛ ክፍል መምህር፦ ይቺ አሳማኝ ናት፣ እቀበላለሁ። ግን አቡጊዳም ቃል አይደለም። የኔ ልጆች «ገና አልመጣም» የሚለውን እንደ በዓሉ አጥብቀው ያነቡታል። መጥበቅ መላላቱን ፊደሉ አያሳይም። ልጁ የሚያነበውን ከገባው ብቻ ነው የሚያስተካክለው። ለዚህ ምንባብ ያስፈልጋል።

አንዲት ወላጅ፦ እኔ ግን ልጄ ቤት መጥታ ሀሁ ካላለች ተማረች ብዬ አላምንም። እውነቴን ነው።

የ30 ዓመት መምህር፦ ስሙ፣ 70 ልጅ አንድ በአንድ በስንደዶ? ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። እስቲ አካፍሉት!

የ1ኛ ክፍል መምህርት፦ እኔ አይደለሁማ ጋሼ የማስነካው። ሁለት ሁለት አድርጌ አስቀምጣቸዋለሁ። አንዱ ተራውን እየዘለለ ይነካል፣ ሌላው ይጠራል። ከካርቶን አቡጊዳ መቁረጥ ጀምሬያለሁ። ሰኞ እሞክረዋለሁ።

የ30 ዓመት መምህር፦ እሺ ሞክሪና ንገሪን። ዜማዬን ግን አልተውም። ጠዋት እንቅልፋቸውን የሚያባርርልኝ እሱ ነው።