የ1999ኙ ቻሪዛርድ 4/102፦ ከመክፈሌ በፊት ምን ምን ልይ?

ናቲ_ኤምዲ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያው የፖክሞን ስብስብ (ቤዝ ሴት) እንግሊዝኛው ቻሪዛርድ ካርድ (ከ102ቱ 4ኛው) ሊሸጥልኝ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ በአካል ተገናኝተን አየዋለሁ። ለፒኤስኤ (የካርዶችን ትክክለኛነትና ይዞታ መርምሮ ደረጃ ለሚሰጠው ድርጅት) ተልኮ ደረጃ አልወጣለትም። ሻጩ ግን "ፈርስት ኤዲሽን (የመጀመሪያው ኅትመት) ነው" ብሎ ዋጋውን ሰቅሎታል። ፎርጅድ ከሆነ እዚያው በምን ልለየው? የስልክ መብራት ከጀርባው ማብራት ይበቃል?

ሉፕ60፦
መብራት ብቻውን አይበቃም። ካርዱ መሃሉ ላይ ጥቁር ስስ ንጣፍ ስላለው ብርሃን ያፍናል የሚባለው ልክ ነው፤ ነገር ግን የስልኩ መብራት ሁሉ እኩል አይደለም፣ የድሮ ካርዶችም ትንሽ ያሳልፋሉ። ማወዳደሪያ ይዘህ ሂድ። የዚያው ስብስብ የእሳት ኢነርጂ 98/102 በርካሽ ይገኛል። ሁለቱን በአንድ መብራት፣ በአንድ ርቀት ጎን ለጎን እያቸው። የጀርባው ሰማያዊ፣ ውፍረቱ፣ የማዕዘኑ ክብነት መግጠም አለበት።

ከሁሉ በላይ የማምነው ግን አጉሊ መነጽርን ነው፤ 30 እጥፍ የሚያጎላ ይበቃሃል። ሥዕሉ በጥቃቅን ባለቀለም ነጥቦች ተሠርቶ ይታይሃል፣ ያ ችግር የለውም። ስሙና የጥቃቱ ጽሑፍ ግን ድፍን ጥቁር፣ ዳሩ የጠራ መሆን አለበት። ፎርጅድ የሚሠሩት እውነተኛውን ስካን አድርገው መልሰው ስለሚያትሙት ፊደሉም በነጥብ ተበታትኖ ይወጣል። ጥቁሩ ፊደል ውስጥ ቀይና ሰማያዊ ነጥብ ካየህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም፣ መልስለት።

እባክህ፣ ካርዱን አጥፎ መሞከር የሚሉህን አትስማ።

ሸገር_ዴክ፦
ሉፕ60 ያለው እንዳለ ሆኖ ጽሑፉንም አንብብ። ኤችፒው (የሕይወት ነጥቡ) 120፣ ጥቃቱ ፋየር ስፒን 100፣ የሚጠይቀው 4 የእሳት ኢነርጂ ነው። ድክመቱ ውሃ፣ መቋቋሚያው ፋይቲንግ -30። የሚያብረቀርቀው የሥዕሉ መስኮት ብቻ ነው፤ ካርዱ በሙሉ የሚያበራ ከሆነ የ1999ኙ አይደለም። 4/102 በ2021 ለ25ኛ ዓመቱ እንደገና ታትሟል፣ እሱ ሥዕሉ ላይ የ25 ምልክት አለበት። 4/130 ከሆነ ደግሞ የቤዝ ሴት 2 ነው።

ፈርስት ኤዲሽን መሆኑን የሚነግርህ የሥዕሉ ፍሬም የቀኝ ጎን ነው። የዚህ ስብስብ ፈርስት ኤዲሽን ቻሪዛርድ እዚያ ጋ ጥላ የለውም። የፈርስት ኤዲሽን ማህተሙ (የ1 ምልክቱ) እና ጥላው አብረው የሚገኙት በማቻምፕ 8/102 ላይ ብቻ ነው።

ናቲ_ኤምዲ፦
አመሰግናለሁ። አሁን ፎቶ ላከልኝ። ከሥዕሉ በታች በግራ በኩል የ1 ማህተሙ አለ፤ በቀኝ ያለው ጥላ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ከታች ከኔንቲዶ ስም በፊት "1995, 96, 98" ብሎ ያቆማል።

ሸገር_ዴክ፦
እንግዲያው ፈርስት ኤዲሽን አይደለም። ጥላ የሌለው ቢሆን እዚያ መስመር ላይ "98, 99" ይል ነበር። ወይ ካርዱ በሙሉ ፎርጅድ ነው፣ ወይ ደግሞ እውነተኛ የተራው ኅትመት (አንሊሚትድ) ካርድ ላይ ማህተም ጨምረውበታል። የትኛው እንደሆነ ፊደሉን በመነጽር ስታይ ይለያል። ሁለተኛው ቢሆንም እንኳ ማህተም ከሌለበት ተራ ካርድ በታች ነው መከፈል ያለበት፤ ፒኤስኤ ተነካክቷል ብሎ ደረጃ አይሰጠውም። ማህተሙን በአሴቶን አስለቅቃለሁ ካለህም እሺ አትበል፣ የካርዱን ልባጥ ይዞት ይሄዳል።