ዲፎልት እያለብን የመጀመሪያ ቤት መግዛት እንችላለን? (እንግሊዝ)

ቤዛ_ክሮይደን

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ እዚህ እንግሊዝ የመጀመሪያ ቤታችንን ለመግዛት እየተዘጋጀን ነው። በክሬዲት ፋይሌ (የብድር ታሪክ መዝገቤ) ላይ ሁለት ዲፎልት (በጊዜው ሳይከፈል ቀርቶ የተመዘገበ እዳ) አለ። አንዱ የስልክ ኮንትራት ነው፤ 310 ፓውንድ፣ ያልተከፈለ፣ ለእዳ ሰብሳቢ ድርጅት የተሸጠ። ሌላው የክሬዲት ካርድ ነው፤ 1,900 ፓውንድ፣ ተከፍሎ ያለቀ። ሁለቱም የተመዘገቡት ከ4 ዓመት ከ4 ወር በፊት ነው። የባለቤቴ ፋይል ንጹሕ ነው።

እኔ ኬር ሆም ውስጥ ቋሚ ተቀጣሪ ነኝ፤ እሱ ሚኒካብ ነው የሚነዳው፣ በግሉ። ያጠራቀምነው 35,000 ፓውንድ ነው፤ ከፊሉ በቅርቡ የወጣልን እቁብ ነው። የምናየው ቤት 350,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። የስልኩን እዳ እንክፈለው ወይስ ከፋይሉ እስኪወጣ እንተወው? ወደ ባንካችን በቀጥታ እንሂድ ወይስ ብሮከር (አበዳሪ የሚያፈላልግ አማካሪ) እንያዝ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩን።

ሞርጌጅ_አማካሪ

እህቴ፣ ይቻላል። አበዳሪው ዲፎልት መኖሩን ብቻ አይቶ አይመልስሽም። መቼ ተመዘገበ፣ ስንት ነው፣ የምን እዳ ነው፣ ተከፍሏል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ከእነዚህ ሁሉ አብዝቶ የሚመዝነው ቀኑ ነው። 4 ዓመት ያለፈው ዲፎልት ካለፈው ዓመት ከተመዘገበው ጋር አንድ አይደለም። የስልክ እዳን ደግሞ ከካርድ እዳ አቅልለው የሚያዩ፣ ትንሽ ከሆነም ጭራሽ የማይቆጥሩ አበዳሪዎች አሉ።

ዲፎልት በፋይል ላይ የሚቆየው ከተመዘገበበት ቀን ጀምሮ 6 ዓመት ነው። ብትከፍዪም ባትከፍዪም በዚያው ቀን ይወጣል። ከከፈልኩ 6 ዓመቱ እንደገና ይጀምራል ብሎ የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። በክፍያ ወይም እዳውን በጽሑፍ በማመን እንደገና የሚጀምረው ግን ሌላ ነው፤ እዳውን በፍርድ ቤት መጠየቂያው የ6 ዓመት ይርጋ ነው። ቤት ለሚገዛ ሰው ይርጋው ዋና ጉዳይ አይደለም። እንዲያውም ያልተከፈለው 310 ፓውንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ ቢወጣበት ከውሳኔው ቀን ጀምሮ አዲስ የ6 ዓመት ምልክት ይጨምርብሻል፤ ያ ደግሞ ከዲፎልት የከፋ ነው።

ስለዚህ የስልኩን ክፈዪው፤ ሙሉውን። ቀንሱልኝ ብለሽ 200 ብትከፍዪ በፋይሉ ላይ «በከፊል የተከፈለ» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፤ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» ከሚለው ጋር እኩል የማያዩት አበዳሪዎች አሉ። በ110 ፓውንድ ቁጠባ ምርጫሽን አታጥብቢ። እዳው ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ ተቀበዪ። ሪፖርቱ እስኪታደስ ከወር በላይ ሊፈጅ ስለሚችል በዚያ መሀል ማስረጃሽ ደብዳቤው ነው።

ከመክፈልሽ በፊት ግን የሦስቱንም የክሬዲት መዝጋቢ ድርጅቶች ሪፖርት አውጪ፤ ኤክስፒሪያን፣ ኢኩዊፋክስ፣ ትራንስዩኒየን። በሕግ በነጻ የማግኘት መብት አለሽ። ክሊርስኮር የሚባለው አፕ የኢኩዊፋክስን፣ ክሬዲት ካርማ የሚባለው የትራንስዩኒየንን ያሳያሉ። በአንዱ ላይ ያለ ዲፎልት በሌላው ላይ ላይኖር ይችላል፤ የትኛው አበዳሪ የትኛውን እንደሚያይ ብሮከር ስለሚያውቅ ይህ ልዩነት ራሱ ይጠቅማል። ስልክሽ ላይ የምታዪው የክሬዲት ነጥብ ላይ ግን ጊዜ አታጥፊ። አበዳሪው ነጥብ የሚሰጠው በራሱ ቀመር ነው፤ ከሪፖርቱ የሚወስደው በውስጡ ያለውን መረጃ ነው።

ሪፖርቱ ላይ ሁለት ነገር ፈትሺ። አንደኛ፣ የዲፎልቱ ቀን ትክክል ነው? በተለመደው አሠራር ዲፎልት የሚመዘገበው ውዝፉ 3 ወር ከሞላ በኋላ ሲሆን ከ6 ወር ባልበለጠ ጊዜ መሆን ይኖርበታል። መክፈል ካቆምሽ ከዓመት በላይ ቆይተው ከመዘገቡት ቀኑ ወደ ኋላ እንዲመለስ በጽሑፍ ጠይቂ። ቀኑ ወደ ኋላ ሄደ ማለት ከፋይሉ ቶሎ ይወጣል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ እዳው ሲሸጥ ገዢው ድርጅት የመጀመሪያውን የዲፎልት ቀን መያዝ አለበት። እዳውን በገዛበት ቀን እንደ አዲስ መመዝገብ አይችልም። አንዱ እዳ በሁለቱም ድርጅቶች ስም ያልተከፈለ ሆኖ የሚታይበት ስሕተትም ያጋጥማል። ቅሬታ ለክሬዲት ድርጅቱ ካቀረብሽ በ28 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። በካርዱ ጉዳይ ለባንኩ ካመለከትሽ ደግሞ 8 ሳምንት አለው፤ ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካሽ ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን (በባንኮች ላይ የሚቀርብ ቅሬታ ወደሚዳኘው አካል) ትሄጃለሽ፤ በነጻ ነው።

ብሮከር ያዙ። በአንድ ባንክ ተቀባይነት አጥቶ ወደ ሌላው መሮጥ በየጊዜው ሃርድ ሰርች (በፋይሉ ላይ የሚቀር የማመልከቻ ምልክት) ያስመዘግባል፤ የሚቀጥለው አበዳሪም ያየዋል። ዲፎልት ላለባቸው ከሚያበድሩት ብዙዎቹ የሚሠሩት በብሮከር በኩል ነው። የካርዱ ዲፎልት ከራሱ ከባንካችሁ ከሆነ ወደዚያ አትሂዱ። ከፋይሉ 6 ዓመት ሞልቶት ቢወጣም ከባንኩ የውስጥ መዝገብ ላይጠፋ ይችላል። ብሮከሩን ደግሞ በኤፍሲኤ (የፋይናንስ ተቆጣጣሪው አካል) መዝገብ ላይ ፈልጉት። «ዲፎልት አስጠፋለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ ሽሹት፤ እውነተኛ መረጃ የሚያስጠፋ ማንም የለም።

ሒሳብ_ሠራተኛ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ። የእናንተ ማመልከቻ በዲፎልቱ ሳይሆን በእቁቡ ሊያዝ ይችላል ብዬ ስለምሰጋ በሱ ላይ ልጨምር።

አንደርራይተሩ (ማመልከቻውን የሚመረምረው የአበዳሪው ሠራተኛ) የ3 ወር የባንክ ስቴትመንት ያያል። በየወሩ ለአንድ ግለሰብ የሚሄድ ተመሳሳይ ገንዘብ ካየ የግል ብድር እየከፈላችሁ ነው ብሎ ይጠረጥራል፤ ዲፎልት ባለበት ማመልከቻ ላይ ደግሞ ጥርጣሬው ይጠናል። እቁቡ ወጥቶላችሁ ዙሩ ካላለቀ እውነቱም ያው ነው፤ ቀሪው መዋጮ ግዴታችሁ ስለሆነ ከወር ወጪ ጋር ሊደመር ይችላል። ስለዚህ ሳትጠየቁ ቀድማችሁ አስረዱ። የእቁቡ ዳኛ ወይም ጸሐፊ የአባላቱን ብዛት፣ የወር መዋጮውን፣ ዙሩ የተጀመረበትንና የሚያልቅበትን ቀን፣ ለእናንተ የወጣበትን ቀንና መጠን በእንግሊዝኛ ጽፎ ይፈርም። ከእናንተ የወጣው መዋጮ ሁሉ በስቴትመንት ላይ መታየት አለበት። ገንዘቡ በጥሬው ተሰጥቷችሁ ራሳችሁ ባንክ ካስገባችሁት ማስረዳቱ እጅግ ይከብዳል። ሶሊሲተሩም (የግዢውን ሕጋዊ ሥራ የሚሠራው ጠበቃ) የገንዘብ ምንጭ የመጠየቅ የሕግ ግዴታ ስላለበት ወረቀቱ ሁለት ጊዜ ያገለግላችኋል። ጊዜ ካላችሁ ዙሩ አልቆ፣ ገንዘቡም ጥቂት ወራት በሒሳባችሁ ተቀምጦ ብታመለክቱ ይሻላል።

ወደ አገር ቤት በየወሩ የምትልኩት ካለ በማመልከቻው ላይ ጻፉት። ሳይጻፍ ስቴትመንቱ ላይ ከተገኘ ሌላውም መልሳችሁ አይታመንም።

የባለቤትሽ ገቢ የሚሰላው ከትርፉ ነው፤ ከኡበር የሚገባለት ጠቅላላ ገንዘብ አይደለም። ኤስኤ302 (የዓመቱ ገቢና ግብር ስሌት) እና የግብር ዓመቱን ማጠቃለያ ከኤችኤምአርሲ (የግብር መሥሪያ ቤቱ) አካውንቱ ያውርድ፤ በብዛት የ2 ዓመት ይጠየቃል። ነዳጅ፣ ኢንሹራንስና የመኪና ኪራይ ተቀንሶ 19,000 የቀረው ሹፌር ለአበዳሪው 19,000 የሚያገኝ ሰው ነው። የግብር ዓመቱ የሚያልቀው ኤፕሪል 5 ስለሆነ ያለፈው ዓመት ገቢው ከፍ ያለ ከሆነ እስከ ጃንዋሪ 31 ሳይጠብቅ በግንቦት በሰኔ ያስገባ።

አሁን ቁጥሩን እንየው። 35,000 ሙሉውን ለዲፖዚት (ከራሳችሁ ለሚከፈለው የቤቱ ዋጋ ክፍል) ብታውሉት እንኳ 10 በመቶ ነው፤ የምትበደሩት 315,000 ይሆናል። በተለመደው የገቢ 4.5 እጥፍ ስሌት ለዚህ የሁለታችሁ ገቢ ተደምሮ 70,000 መሆን አለበት። ለሶሊሲተር፣ ለቤት ምርመራና ለአበዳሪው ክፍያ ጥቂት ሺህ ፓውንድ ከዚያው ላይ ይወጣል። ስለዚህ ወይ የቤቱ ዋጋ መውረድ፣ ወይ ቁጠባው መጨመር አለበት። ዲፎልት ላለበት ሰው 15 በመቶ ዲፖዚት መያዝ የሚከፍትለት በር ከ10 በመቶው ብዙ ይሰፋል።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው እዚህ መራጭ ሆኖ መመዝገብ አይችልም፤ ስለዚህ አድራሻው በክሬዲት ፋይሉ ላይ ሳይረጋገጥ ይቀራል። የአድራሻ ማስረጃ ለሦስቱ ድርጅቶች ልካችሁ ማስታወሻ እንዲጨመር ጠይቁ። ዜግነት ካላችሁ ዛሬውኑ በካውንስላችሁ ተመዝገቡ።

ቤዛ_ክሮይደን

እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ይህን ሁሉ አላሰብንበትም ነበር። አንድ የረሳሁት፦ ባለቤቴ አዲስ አበባ በስሙ ኮንዶሚኒየም አለው፤ ከመጋባታችን በፊት የደረሰው። እዚህ ግን ቤት ገዝተን ስለማናውቅ የመጀመሪያ ገዢዎች ነን አይደል?

ውል_አንባቢ

አይደላችሁም፤ ሁለታችሁም በውሉ ላይ ከገባችሁ። በስታምፕ ዲዩቲ (ቤት ሲገዛ የሚከፈል ግብር) ሕግ የመጀመሪያ ገዢ የሚባለው በዓለም ላይ የትም ቦታ ቤት ኖሮት የማያውቅ ሰው ነው። በውርስ ያገኘም ይቆጠራል። በጋራ ስትገዙ የመጀመሪያ ገዢ የግብር ቅናሹን ለማግኘት ሁለታችሁም ያንን ማሟላት አለባችሁ።

በገንዘብ ሲታይ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ወዲህ ባለው ተመን በ350,000 ፓውንድ ቤት ላይ የመጀመሪያ ገዢ 2,500 ፓውንድ ይከፍላል። ቅናሹን ያጣ ሰው 7,500 ይከፍላል። ሌላ ቤት ያለው ሰው ደግሞ በጠቅላላው ዋጋ ላይ 5 በመቶ ስለሚጨመርበት 25,000 ይደርሳል። ይህ ጭማሪ የሚመጣው የሌላው ቤት ድርሻ በግዢው ቀን 40,000 ፓውንድ ወይም ከዚያ በላይ ካወጣ ነው። ብር በሐምሌ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በፓውንድ ሲሰላ ከዚያ በታች የሚወርድ ኮንዶሚኒየም ሊኖር ይችላል፤ ስለዚህ የጽሑፍ ግምት አሠርታችሁ ያዙ። «በሚስቴ ስም ብቻ እንግዛ» ማለትም ከጭማሪው አያድንም። አብረው የሚኖሩ ባልና ሚስት ለዚህ ሕግ እንደ አንድ ይታያሉ። ግምቱ ከ40,000 በታች ከሆነ ግን በአንቺ ስም ብቻ መግዛት ቅናሹን ሊያስገኝልሽ ይችላል። ይህን ቤቱ ላይ ዋጋ ከማቅረባችሁ በፊት ለሶሊሲተር ንገሩት፤ ገንዘቡ ከማስተላለፊያው ቀን ጀምሮ በ14 ቀን ውስጥ የሚከፈል ነው።

አንቺ ራስሽ ቤት ኖሮሽ የማያውቅ ከሆነና 40 ዓመት ካልሞላሽ ላይፍታይም አይሳ የሚባለውን የቁጠባ አካውንት ዛሬ ክፈቺ። በዓመት እስከ 4,000 ፓውንድ ታስገቢያለሽ፤ መንግሥት 25 በመቶ ይጨምርበታል። የባለቤትሽ ኮንዶሚኒየም ያንቺን አይከለክልም። ለቤት ለማዋል አካውንቱ 12 ወር መሙላት፣ የቤቱም ዋጋ ከ450,000 አለመብለጥ አለበት። ለሌላ ጉዳይ ካወጣሽው 25 በመቶ ይቆረጥብሻል፤ ያ ከራስሽ ገንዘብም ይነካል።

ሞርጌጅ_አማካሪ

ይህ ከሆነ መጠበቁን በቁም ነገር አስቡት። ዲፎልቶቹ ሊወጡ የቀራቸው 20 ወር ነው። ለምሳሌ 315,000 ፓውንድ ለ30 ዓመት በ5 በመቶ ብትበደሩ የወሩ ክፍያ 1,691 ነው፤ ዲፎልት ስላለባችሁ 6.5 በመቶ ቢሆንባችሁ 1,991። በ2 ዓመት 7,200 ፓውንድ ልዩነት ነው። በእነዚሁ 20 ወራት አይሳው ይሞላል፣ የእቁቡ ዙርም ምናልባት ያልቃል፣ ባለቤትሽ ሁለተኛ ጥሩ የግብር ዓመት ያስገባል። በዚህ መሀል የምትከፍሉትን ኪራይ በሌላው በኩል አስቀምጡና አመዛዝኑት።

የኪራዩ ሁኔታ ካስገደዳችሁና አሁኑኑ ከገዛችሁ ወለዱን ለ2 ዓመት ብቻ ቆልፉ። የ5 ዓመቱ በወር ጥቂት ቢቀንስም ዲፎልቱ ሲወጣ ወደ ተሻለ አበዳሪ ለመዛወር ስትፈልጉ ቀድሞ የመውጫ ቅጣቱ ይይዛችኋል። ውሉን ስታነቡ የቅጣቱን መቶኛና የሚያበቃበትን ቀን ፈልጉ፤ የሚያበቃው ሁለቱም ዲፎልቶች ከሦስቱም ሪፖርቶች ከወጡ በኋላ መሆን አለበት።