የቆዩ የሜሞሪ ማክሮዎችን ከኤክስ ሰርቨር ድራይቨር ስለማንሳት

ጥያቄ፦
እ.ኤ.አ. ከ2010 በፊት ለኤክስ-ኦርግ ሰርቨር (በሊኑክስና መሰል ሲስተሞች ላይ የስክሪኑን ምስል ለሚያስተዳድረው ፕሮግራም) የተጻፈ አንድ የቪዲዮ ድራይቨር እያደስኩ ነው። ኮዱ ሜሞሪ የሚጠይቀው በኤክስአሎክ፣ በኤክስካሎክና በኤክስሪያሎክ ሲሆን የሚለቀው በኤክስፍሪ ነው። ሰርቨሩ ራሱ በ2010 እነዚህን ትቶ ወደ ተራዎቹ የሲ ፈንክሽኖች (ማሎክ፣ ካሎክ፣ ሪያሎክና ፍሪ) ተሻግሯል። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ፈልጌ ብተካቸው የሚበላሽ ነገር ይኖር ይሆን? ኤክስኤንኤፍአሎክንስ አብሬ ልቀይረው?

መልስ፦
ስሙን መቀየሩ ቀላል ነው፤ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በጠባያቸው ላይ ነው። የድሮው ኤክስአሎክ ዜሮ ባይት ሲጠየቅ ኑል (ምንም ሜሞሪ የማያመለክት ባዶ አድራሻ) ይመልስ ነበር። ማሎክ በዜሮ መጠን ምን እንደሚመልስ ግን የሲ ስታንዳርድ ለየላይብረሪው የተወው ጉዳይ ነው፤ በሊኑክስ የተለመደው የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ኑል ያልሆነ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ) ይሰጣል። ስለዚህ «ፖይንተሩ ኑል ከሆነ ዝርዝሩ ባዶ ነው» በሚል ግምት የተጻፈ ቦታ ካለ፣ ፍተሻው ሳይሠራ ያልፍና ኮዱ የሌለውን የመጀመሪያ አባል ለማንበብ ይሞክራል።

በኤክስኤንኤፍ የሚጀምሩትን ግን አይንኳቸው። ሜሞሪ ሲያጡ ኑል ከመመለስ ይልቅ ሰርቨሩን በፌታልኤረር (ስህተቱን አስታውቆ ሰርቨሩን በሚዘጋው ፈንክሽን) ያቆሙታል፤ ጠሪው ኮድም ውጤቱን ሳይፈትሽ የሚቀጥለው በዚህ ተማምኖ ነው። በ2010ሩ ለውጥም እነርሱ እንደነበሩ ቀርተዋል።

ሌላ መልስ፦
ኮዱን ከነኩት አይቀር የሚጠየቀው የሜሞሪ መጠን በብዜት የሚሰላባቸውን ቦታዎችም ይመልከቱ፤ በእኔ እምነት ከስም ለውጡ ይልቅ ዋናው ሥራ ያለው እዚያ ነው። የአባላቱ ብዛት ከክላየንት (ከሰርቨሩ ጋር ከተገናኘ ፕሮግራም) የመጣ ቁጥር ነው እንበል። በ32 ቢት ማሽን ላይ እያንዳንዳቸው 8 ባይት የሆኑ 536,870,913 ሳጥኖች ቢጠየቁ ብዜቱ ከ32 ቢት በላይ ሞልቶ ይፈስና 8 ብቻ ይቀራል፤ ማሎክም ምንም ሳይል 8 ባይት ይሰጣል፤ ቀጥሎ ያለው ሉፕ ግን ከሁለተኛው ሳጥን ጀምሮ የሌላውን ሜሞሪ እየደመሰሰ ይጽፋል። በዲሴምበር 2014 ይፋ የሆነው የደኅንነት ክፍተት መለያ ሲቪኢ-2014-8092 በሰርቨሩ ውስጥ የነበሩ የዚህ ዓይነት ስህተቶችን የሚመለከት ነው። ከዚያ በኋላ ሰርቨሩ ከኦፕንቢኤስዲ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመጣውን ሪያሎክአሬይ መጠቀም ጀመረ፤ ይህ ፈንክሽን ብዜቱ ከልክ ካለፈ ኑል ይመልሳል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ከፍሪ በፊት ያሉትን የኑል ፍተሻዎች በዚያው ኮሚት (በአንድነት በሚመዘገብ የኮድ ለውጥ) ውስጥ ባነሳቸውስ?

የመጀመሪያው መላሽ፦
ማንሳቱ ትክክል ነው፤ ፍሪ ኑል ቢሰጠው ምንም እንደማያደርግ ስታንዳርዱ ይደነግጋል። በአንድ ኮሚት መሆኑን ግን አልደግፍም፤ መቶ መስመር የስም ለውጥ መሀል የተሸሸገችን አንዲት የጠባይ ለውጥ ገምጋሚው ሊያያት አይችልም። ሰርቨሩ ላይ እንዲህ ያለው ጽዳት የተሠራው በኮክሲኔል (ኮድን በተሰጠው ደንብ መሠረት በሚለውጥ መሣሪያ) ስለሆነ እርስዎም ቢጠቀሙበት፣ ያዘጋጁትን ደንብ በኮሚቱ መልእክት ውስጥ ያስፍሩት። የሪያሎክን ውጤት በዚያው ፖይንተር ላይ የሚያስቀምጡ መስመሮች ካሉ ደግሞ ለብቻቸው ያርሟቸው፤ ጥያቄው ካልተሳካ የድሮው ሜሞሪ አድራሻ ይጠፋል፤ ሊለቀቅም አይችልም።