ላቲትዩድ 5420፦ ለኮር አይ 7ቱ 18 ሺህ ብር መጨመር ያዋጣል?

ማራኪ_ግቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሕብረተሰብ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ ስለምጀምር ላፕቶፕ ልገዛ ነው። ፒያሳ አንድ ሱቅ ሁለት ዩዝድ ዴል ላቲትዩድ 5420 አሳዩኝ። የመጀመሪያው ኮር አይ 5-1135ጂ7፣ 8 ጊጋ ራም፣ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ነው። ሁለተኛው ኮር አይ 7-1165ጂ7፣ 16 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ኤስኤስዲ። በመልክ አይለያዩም፤ በዋጋ ግን 18 ሺህ ብር ይራራቃሉ።

የምሠራው በስቴታ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ነው፤ የኢዲኤችኤስ (የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት) ዳታ፣ በአብዛኛው መልቲሌቭል ሎጂስቲክ ሪግሬሽን፣ ማለትም ሰዎቹን ከነአካባቢያቸው የሚተነትን ስሌት። ለካርታ ኪውጂስ የሚባለው ሶፍትዌር፣ ከዚያ ወርድ፣ እንዲሁም እንደ አሸን የሚፈላ የክሮም ታብ። ጌምም ቪዲዮ ኤዲቲንግም የለም። አራት ዓመት ያህል እንዲያገለግለኝ እፈልጋለሁ። የጠየቅሁት ሁሉ «አይ 7 ውሰጂ» ይለኛል፤ በምኑ እንደሚበልጥ የሚያስረዳኝ ግን አላገኘሁም።

ካቻቢቴ

18 ሺሁን ለሦስት ከፍለሽ እዪው፦ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ዲስክ። ሻጭ ሦስቱን ጠቅልሎ «ፉል ነው» ሲልሽ ነው ነገሩ የሚድበሰበሰው።

ፕሮሰሰሩ ላይ ሁለቱም 11ኛ ጀነሬሽን፣ ሁለቱም 4 ኮር፣ 8 ትሬድ ናቸው። አይ 5ቱ ቢበዛ 4.2 ጊጋኸርዝ ይደርሳል፣ አይ 7ቱ 4.7። ካሽ የሚባለው የፕሮሰሰሩ የራሱ ትንሽ ሜሞሪ ደግሞ 8 እና 12 ሜጋባይት ነው። በወረቀት ላይ ወደ 12 በመቶ ይጠጋል፤ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ሥራ 54 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው፣ እሱም ማሽኑ ካልጋለ። ሥራው ሲረዝም ሁለቱንም ሙቀትና የዋት ገደብ ስለሚይዛቸው ልዩነቱ ከዚያም ይጠባል። ለዚህ ብዬ ከኪሴ ብር አላወጣም።

«አይ 7» የሚለው ስቲከር ብቻውን ምንም አይነግርም። 7ኛ ጀነሬሽን የሆነው አይ 7-7500ዩ 2 ኮር ብቻ ነው ያለው፤ የ8ኛው አይ 5-8250ዩ ግን 4 ኮር አለው። ሌላ ሱቅ ገብተሽ ረከስ ያለ አይ 7 ቢያሳዩሽ መጀመሪያ ጀነሬሽኑን ጠይቂ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በኩል በይፋ የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛው ጀምሮ ነው፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል።

ራሙ ላይ ግን ቁም ነገር አለ። ዊንዶውስ 11፣ ሃያ ምናምን የክሮም ታብ፣ ወርድና ስቴታ አብረው ሲከፈቱ 8 ጊጋ አይበቃም። ማሽኑ የተረፈውን ወደ ዲስኩ ሲገለብጥ ሃንግ ያደርጋል። 16 ያስፈልግሻል። ሆኖም 5420 ሁለት የራም ስሎት አለው፤ ዲዲአር 4፣ 3200። 8 የሆነ አንድ ዘንግ (የራም ቁራጭ) ለብቻው ገዝተሽ ብትጨምሪ ያው 16 ነው።

ሁለተኛው ዘንግ ሌላም ጥቅም አለው። ራሙ አንድ ብቻ ሲሆን አይሪስ ኤክስኢ የሚባለው ግራፊክስ ሙሉ ጉልበቱን አያወጣም፤ ዊንዶውም ስሙን ዩኤችዲ ብሎ ነው የሚያሳየው። ሁለት ሲሆኑ ይስተካከላል፣ ኪውጂስ ላይ ካርታ ስትጎትቺ ለውጡ ይታያል። ስለዚህ 16ቱ በአንድ ዘንግ ከሆነ አይ 7ቱም ይጎድለዋል፤ ታስክ ማናጀር ከፍተሽ ፐርፎርማንስ፣ ሜሞሪ የሚለው ላይ ስንት ስሎት እንደተያዘ እዪ።

ዲስኩ ሊቆይ ይችላል። 256 ለስቴታና ለወርድ ይበቃል። የሳተላይት ምስል ማውረድ ከጀመርሽ ግን ሴንቲኔል-2 የተባለው ሳተላይት አንድ ታይል (የምስል ቁራጭ) ብቻውን ወደ 1 ጊጋባይት ስለሚጠጋ ያኔ ይጠብብሻል።

እንግዲህ እዚያው ፒያሳ የአንድ 8 ጊጋ የላፕቶፕ ዲዲአር 4 እና የአንድ 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ፈጣን የኤስኤስዲ ዓይነት) ዋጋ ጠይቂና ደምሪ። ድምሩ ከ18 ሺህ በደንብ ካነሰ አይ 5ቱን ውሰጂ። ከተቀራረበ አትድከሚ፣ ተሠርቶ ያለቀውን ግዢ።

አዘዞ_መንገድ

ስሌቱ ልክ ነው፤ ግን «ጨምሪበት» ሲባል ምን እንደሚከተል ይነገራት።

ራሙ ቀላል ነው። ማሽኑን አጥፍቶ ቻርጀሩን መንቀል፣ የሥሩን ብሎኖች በፊሊፕስ ካቻቢቴ ማላላት፤ ብሎኖቹ ከክዳኑ ጋር ስለሚቀሩ አይጠፉም። ክዳኑን በብረት አትፈልቅቂው፣ ጥርሶቹ ይሰበራሉ፤ ያረጀ ኤቲኤም ካርድ ይበቃል። ከዚያ ከምንም በፊት የባትሪውን ገመድ ከማዘርቦርዱ መንቀል ነው። ጥገና ቤቶች ይህን እየዘለሉ ነው ማዘርቦርድ የሚያቃጥሉት። ራሙ ወደ ጎን ጋደል ብሎ ገብቶ ወደ ታች ሲጫን ሁለቱ ክንፎች ቀጭ ብለው መያዝ አለባቸው።

ተዘግቶ ሲበራ ስክሪኑ ለትንሽ ጊዜ ጨለማ ሊሆን ይችላል። አዲሱን ራም እየለመደ ነውና ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ፤ ቶሎ አታጥፊው። መብራቱ ብርቱካናማ 2 ጊዜ፣ ነጭ 3 ጊዜ ብልጭ ካለ ራሙን አላገኘውም ማለት ነው፤ አውጥቶ መልሶ ማስገባት። 2 እና 4 ከሆነ ዘንጉ ራሱ ሳይበላሽ አይቀርም። የቆየውና አዲሱ በምርት ስም ባይገጥሙ ችግር የለውም፤ አንዱ 2666 ከሆነ ግን ሁለቱም ወደ 2666 ይወርዳሉ።

ራስ ምታቱ ዲስኩ ነው። ለኤስኤስዲ የተዘጋጀው ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ አሮጌውን ሳታወጪ አዲሱን ማስገባት አትችዪም፤ ለመገልበጥ የዩኤስቢ ማቀፊያ ያስፈልጋል። ርዝመቱንም ከፍተሽ እዪ። አጭሩ 30 ሚሊ ሜትር፣ ረጅሙ 80 ነው፣ ማሰሪያቸውም ይለያያል። ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶው መከላከያ) በርቶ ከሆነ ቀድመሽ አጥፊው፤ አለበለዚያ 48 አሃዝ ያለው ቁልፍ ይጠይቅሻል። ባዮሱ (ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት የሚገባበት ማስተካከያ) ላይ ስቶሬጁ ብዙ ጊዜ ሬይድ በሚባለው አሠራር ላይ ነው የሚገኘው። የቆየውን ዊንዶው ገልብጠሽ ከሆነ እሱን አትንኪ፣ ከተነካ ዊንዶው አይነሳም። እንደ አዲስ የምትጭኚ ከሆነ ግን ኢንስቶለሩ «ዲስክ የለም» ሊልሽ ይችላል፤ ያኔ ባዮሱ ውስጥ በኤፍ 2 ገብተሽ ኤኤችሲአይ ወደሚባለው አሠራር ቀይሪ።

ከራምና ከዲስክ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ስክሪኑና ባትሪው ነው። 5420 በ1366 በ768 ስክሪንም ወጥቷል፣ በ1920 በ1080ም። የመጀመሪያው ፊት ለፊት ካላዩት ቀለሙ ይገረጣል፣ የስቴታ ውጤትና ወርድም ጎን ለጎን አይመቹበትም። ባትሪውም ሁለት ዓይነት ነው፤ 42 ዋት ሰዓትና 63። መብራት ሲሄድ ይህ ከማንኛውም ፕሮሰሰር ይበልጣል።

ሁለቱንም ሱቁ ውስጥ ማጣራት ትችያለሽ። ለባትሪው ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍተሽ «powercfg /batteryreport» ብለሽ ጻፊ። የሚወጣው ገጽ ባትሪው አዲስ እያለ የነበረውንና አሁን ሲሞላ የሚይዘውን ጎን ለጎን ያሳያል። ከላፕቶፑ ሥር ያለውን ባለ 7 ፊደልና ቁጥር ሰርቪስ ታግ (የማሽኑ መለያ) ዴል ድረ ገጽ ላይ ብታስገቢ ደግሞ ማሽኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ምን እንደነበረው ይዘረዝርልሻል።

ክላስተር_645

ላፕቶፑን ትቼ ስለ ስቴታው፤ ግማሹ መፍትሔ እዚያ ነው ያለው።

እ.ኤ.አ. የ2016ቱ ኢዲኤችኤስ የሴቶች ፋይል 15,683 ሰው ነው። ተለዋዋጮቹ በሺዎች ቢቆጠሩም ለ8 ጊጋ ራም እንኳ ትልቅ ፋይል አይደለም፤ ራሙን የሚበላው ክሮም ነው። ስቴታ ቢኢ (የስቴታ ትንሹ ዕትም) ፋይሉን አልከፍትም ካለሽ ላፕቶፑን አትውቀሺ። ቢኢ ከ2,048 ተለዋዋጭ በላይ አይቀበልም። «ዩዝ» ብለሽ የምትፈልጊያቸውን ብቻ ዘርዝረሽ «ዩዚንግ» ብለሽ የፋይሉን ስም ብትሰጪው ይከፍታል።

ቢኢም ከእሱ ከፍ ያለው ኤስኢም የሚሠሩት በአንድ ኮር ነው፣ ብዙ ኮር የሚያሠራው ኤምፒ የሚባለው ዕትም ብቻ ነው። ስለዚህ ብዙ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ብትገዢም ቀሪው ኮር ዳር ቆሞ ተመልካች ነው። መልቲሌቭሉ የሚያስጠብቅሽ በነባሪው 7 የኢንተግሬሽን ነጥብ ስለሚጠቀም ነው። ሞዴል ስትመርጪና ተለዋዋጭ ስታስወጪ ስታስገቢ የኢንተግሬሽን ዘዴውን ላፕላስ (በአንድ ነጥብ ብቻ የሚያሰላው ዘዴ) አድርጊው፤ በብዙ ይፈጥናል። የመጨረሻውን፣ ወረቀት ላይ የምታስገቢውን ሞዴል ብቻ በ7ቱ ነጥብ አስሂጂው፤ በላፕላስ የወጣው ቁጥር በተለይ በክላስተር (ናሙናው በተወሰደባቸው የመኖሪያ አካባቢዎች) መካከል ያለውን ልዩነት ሲለካ ትንሽ ሊዛባ ይችላል። ይህች አንድ ትዕዛዝ ከአይ 7ቱ 12 በመቶ የበለጠ ጊዜ ትቆጥብልሻለች፤ ዋጋዋም ዜሮ ብር።

ካርታውም ያን ያህል አይከብድም። የ2016ቱ ናሙና 645 ክላስተር ነው፤ ያን ያህል ነጥብ ኪውጂስን አያስጨንቀውም።

ማራኪ_ግቢ

እግዜር ይስጥልኝ። ሄጄ አየሁት። አይ 5ቱ ስክሪኑ 1920 በ1080፣ ራሙ አንድ ስሎት ላይ፣ ሁለተኛው ባዶ። ባትሪው 42፣ አሁን የሚይዘው 30። አይ 7ቱ ራሙ ሁለት ባለ 8፣ ባትሪው 63፣ አሁን 51። ስክሪኑ ግን 1366 በ768 ሆነ! ራምና ዲስክ ስደምር የ18 ሺሁን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ይሆናል። አሁንስ?

ካቻቢቴ

አይ 5ቱ። ራም አሁን፣ ዲስክ ሲጠብሽ።

ባትሪው እንደማያስደስት ግልጽ ነው። ወርድና ክሮም ላይ እንዲህ ያለ ማሽን ከ8 እስከ 10 ዋት ይስባል፤ 30ው ከሦስት ሰዓት እምብዛም አያልፍም፣ 51ዱ ወደ አምስት ተኩል ይዘልቅ ነበር። ግን ባትሪ በካቻቢቴ የሚቀየር ዕቃ ነው። ስክሪን ሲቀየር ፓነሉ ብቻ ሳይሆን ገመዱም መግጠም አለበት፣ ጠርዙም ሲፈለቀቅ ይሰበራል። ዲስኩን በማቆየትሽ የተረፈውን ለባትሪ አስቀምጪው። ስትገዢ የባትሪውን የክፍል ቁጥር አሁን ካለው ጋር አመሳክሪ፤ «ለዴል ይሆናል» የሚል ባትሪ አትቀበዪ።

ድርድሩንም ቀይሪው። ዋጋ ቀንሱልኝ ከምትዪ ራሟን በዚያው ዋጋ ጨምሩልኝ በያቸው፤ ለሻጭ ከብር ይልቅ ዕቃ መጨመር ይቀለዋል።

አዘዞ_መንገድ

ከመክፈልሽ በፊት አንድ ነገር። እነዚህ ላቲትዩዶች አብዛኞቹ የውጭ ድርጅቶች የተጠቀሙባቸው ናቸው። በኤፍ 2 ባዮስ ግቢ፤ ፓስወርድ ከጠየቀሽ ትተሽው ውጪ። ካልጠየቀሽ ዊንዶውን እዚያው ሱቅ ሪሴት አስደርጊና ሲነሳ ከዋይፋይ ጋር አገናኚው። የማታውቂው መሥሪያ ቤት ስም ይዞ የሥራ ኢሜይል አስገቢ ካለሽ ማሽኑ ከድርጅቱ መዝገብ አልተፋቀም። ሻጩ «ኢንተርኔት ሳይኖር ጫኚው፣ ያልፋል» ሊልሽ ይችላል። ለጊዜው ያልፋል፣ በሚቀጥለው ፎርማት ግን ተመልሶ ይመጣል። ሪሴቱ ሰዓት ቢፈጅም ቆመሽ አስጨርሺ።