የልጄ የጭን አጥንት ዕጢ፦ በአልትራሳውንድ ወይስ በመርፌ?

ጠያቂ (ሜሪላንድ)፦ የ14 ዓመት ልጄ ለወራት ሌሊት ሌሊት ጭኑን እያመመው ሲነቃና አይቡፕሮፌን ስሰጠው ተመልሶ ሲተኛ ከቆየ በኋላ፣ ሐኪሙ «ኦስቲዮይድ ኦስቲዮማ» የተባለ፣ ካንሰር ያልሆነ ትንሽ የአጥንት ዕጢ እንዳለበት ነገረን። ያለ ቀዶ ሕክምና በአልትራሳውንድ ማቃጠል ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

መላሽ 1፦ እግዚአብሔር ይማርልዎ። አዎ፣ ይቻላል፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም በ2020 እ.ኤ.አ. ለእጅና ለእግር አጥንቶች ፈቅዶታል። ልጁ ኤምአርአይ ውስጥ እንደተኛ፣ ከቆዳው ውጭ የሚነሡት የድምፅ ሞገዶች አንድ ነጥብ ላይ ተሰብስበው ዕጢውንና ሕመሙን የሚያስተላልፉትን ነርቮች ያቃጥላሉ፤ ኤምአርአዩ ደግሞ ቦታውን ብቻ ሳይሆን የአካባቢውን ሙቀት ጭምር እየተከታተለ ያሳያል። በቆዳውና በመሣሪያው መካከል የአየር አረፋ ከቀረ ቆዳ ሊቃጠል ስለሚችል፣ ፀጉሩ ተላጭቶ ጄል ይደረግበታል። ጨረር የለውም፤ ለልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

መላሽ 2፦ በተባለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን በሲቲ ስካን እየተመሩ መርፌ አስገብቶ ማቃጠል ከ1990ዎቹ ጀምሮ የተፈተነና ብዙዎችን ያዳነ ስለሆነ አይናቁት። ሞገዱ ወፍራም አጥንትን አልፎ በቀላሉ ስለማይገባ፣ ዕጢው ጠልቆ ከተቀመጠ ወይም ለዋና ነርቭ ከቀረበ መርፌው ሊመረጥ ይችላል። «ያለ ቀዶ ሕክምና» ማለትም ያለ ማደንዘዣ ማለት አይደለም፤ የአጥንቱ ሽፋን ሲሞቅ እጅግ ያማል።

ጠያቂ፦ አመሰግናለሁ። ማክሰኞ ቀጠሮ ስላለን፣ ዕጢው ከአጥንቱ ገጽ ምን ያህል እንደጠለቀ አስቀድሜ እጠይቃለሁ።