ጥቆማ፦ ከጓሯችን በተቀጠፈ አበባ ለሚያጌጥ ማዕድ ማስቀመጫና የጠረጴዛ ልብስ ከየት ላግኝ?

ባለጓሮዋ

እናቴ ሰባ ዓመት ስለሚሞላት፣ በጥቅምት የመጀመሪያው እሑድ ቀበና በሚገኘው ቤታችን ግቢ ሃያ አራት እንግዶች ጠርተን ምሳ ልናበላ ተሰናድተናል። አበባ አንገዛም፤ እናቴ ክረምቱን ሙሉ ጃንጥላ ይዛ ስትኮተኩተው የከረመችው ጓሮ ይበቃናል። ጽጌረዳው፣ ዳህሊያው፣ ነጩ ማርጋሪታና ከቧንቧው ሥር የተኮለኮለው ካላ ዘንድሮ ቀጠሮ የያዙ ይመስል በአንድ ሳምንት ፈክተዋል። ስለዚህም ግብዣውን የጸደይ ማዕድ ብለን ሰይመነዋል።

የጎደለን ለሦስት ረጃጅም ጠረጴዛዎች የሚሆን አጫጭር የአበባ ማስቀመጫና የጠረጴዛ ልብስ ነው። ቢቻል ደግሞ ጠዋት መጥቶ አበባውን የሚያሰናዳልን ሰው እንፈልጋለን። ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ ወይም ከካሳንቺስ ብዙ ሳልርቅ ወደ ማን ልሂድ? መከራየቱና መግዛቱስ የቱ ይሻላል?

የሽሮ ሜዳ ደንበኛ

የጠረጴዛ ልብስ ከሆነ ከሽሮ ሜዳ ሌላ ቦታ አይሂዱ። እኔ ለዐሥራ አንድ ዓመት አንድ ሱቅ ብቻ ነው የማውቀው። ዳገቱን ሲወጡ በግራ በኩል ያለች፣ በሯ ላይ ሁልጊዜ ነጭ ጋቢ የሚሰቀልባት ጠባብ ሱቅ ናት። ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት ያለው ነጭ ሸማ አሠርቼ ለልጄ ክርስትና አንጥፌው ነበር፤ እንግዶቹ ከምግቡ ይልቅ ስለ ልብሱ ሲጠይቁኝ ዋሉ። ዋጋው ከሌሎቹ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን እኔ እንደላክሁዎት ይንገሯቸው።

ዘመነ ጽጌ

በቅድሚያ እንኳን ለእናትዎ ልደት በሰላም አደረስዎ። ሆኖም «የጸደይ ማዕድ» የሚለው ስያሜ መታረም ይኖርበታል። በአባቶቻችን የወቅት አከፋፈል ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው ጊዜ መፀው ሲሆን፣ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። አበባ ያየ ሁሉ ጸደይ ማለቱ ከውጭ የመጣ ልማድ ነው። በተጨማሪም ግብዣዎ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 በሚዘልቁት የጽጌ አርባ ቀናት ውስጥ ይውላል። ጾሙ የፈቃድ ቢሆንም፣ ከሃያ አራት እንግዶች መካከል የሚጾሙ እናቶች አይጠፉምና የጾሙን ምግብ በተለየ ጠረጴዛ ማቅረቡ ይመከራል። ስለ ማስቀመጫው የማውቀው ነገር የለኝም።

የካሳንቺስ ታዛቢ

ጠያቂዋ ማስቀመጫ ጠየቁ፤ ባሕረ ሐሳብ ተሰጣቸው።

የተቃጠለ

እህቴ፣ ማንንም «ዲኮር እሠራለሁ» ባይ ወደ ግቢሽ እንዳታስገቢ፤ በእኔ የደረሰውን ልንገርሽ። ባለፈው ዓመት ለታናሽ እህቴ መልስ ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ ዲኮር ቤት ጋር ተዋዋልን። ያሳዩን ፎቶግራፍ ነጭ ጽጌረዳና አረንጓዴ ቅጠል እንደ ወንዝ የሚወርድበት ጠረጴዛ ነበር። ግማሹን ዋጋ ቀብድ ከፈልን። በዕለቱ እንግዶች ሊገቡ አርባ ደቂቃ ሲቀር፣ ሁለት ወጣቶች በካርቶን ሙሉ የፕላስቲክ አበባ ይዘው መጡ። አበባው አቧራ ጠጥቶ ግራጫ ሆኗል፤ ቅጠሉን ከግንዱ ያጣበቀው ሙጫ እንደ ሸረሪት ድር ተጎትቶ ይታያል፤ አንደኛው ግንድ ላይ የዋጋ ወረቀቱ እንኳ አልተነሣም። አክስቴ ልታሸት ጎንበስ ብላ ቀና አለችና በዝግታ «ይህስ የማን ተዝካር ነው?» አለች። እህቴ ይህንን ሰምታ ወደ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ቀብዱን ስንጠይቅ «ፎቶግራፉ ለናሙና ነው» ተባልን፤ ደረሰኝም አልነበረንም። እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ መንገድ ሳልፍ በሩን ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

የሰሚት ነዋሪ

በእኛም ላይ ተመሳሳይ ነገር ደርሷል፤ የእኛ ግን ድንኳን ነበር። ቀብድ ስትከፍሉ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛትና የመድረሻ ሰዓት በወረቀት አስፍራችሁ አስፈርሙ። «ትኩስ አበባ» የሚለው ቃል በውሉ ውስጥ ከሌለ መከራከሪያ የላችሁም።

የካሳንቺስ ታዛቢ

ሰፈር ውስጥ ትኩስ አበባ ከጠፋ በኮሪደር ልማቱ የተተከለው በየመንገዱ ዳር ሞልቷል፤ ቀብድም አይጠየቅበትም። ብቻ ሲቀጥፉ ጥበቃው እንዳያይዎት።

የተቃጠለ

በሰው ቁስል መቀለድ ቀላል ነው።

የቀጨኔ ወዳጅ

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ማስቀመጫውን ከቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እናቶች እጅ ይግዙ። በጢስ የጠቆረ ትንሽ ማሰሮ ላይ ነጭ ማርጋሪታ ሲሰካበት ያለው ውበት በምንም ብርጭቆ አይገኝም። ከዚያም በላይ ገንዘቡ በቀጥታ ለሠሪዋ ይደርሳል። እኔ ለቤቴ ከዚያ ሌላ ዕቃ አላስገባም።

አንድ እናት

ልጄ፣ የቀጨኔውን ሸክላ እኔም እወደዋለሁ፤ ነገር ግን ውሃ ያላባል። ባለፈው ፋሲካ ካላ አበባ ሰክቼበት አድሬ፣ ጠዋት ባነሣው ነጩ የጠረጴዛ ልብሴ ላይ የማሰሮው ቂጥ ቅርጽ ያለው ጥቁር ክብ ታትሞ አገኘሁት። እስከ ዛሬ አልለቀቀም።

የቀጨኔ ወዳጅ

ሸክላ ካላላበ ሸክላ አይደለም፤ ጉድለቱ የሸክላው ሳይሆን የአጠቃቀሙ ነው። በውስጡ ትንሽ ብርጭቆ ከትተው ውሃውን እዚያ ውስጥ ቢያደርጉት ኖሮ ልብስዎ በዳነ ነበር።

የካሳንቺስ ታዛቢ

እንግዲያስ ጠያቂዋ የሚገዙት ብርጭቆ ነው ማለት ነው።

የቀድሞ የሆቴል ባልደረባ

በአንድ ሆቴል የግብዣ ክፍል ለሃያ ሁለት ዓመታት ጠረጴዛ ሳሰናዳ ኖሬ ጡረታ ስለወጣሁ፣ ጥቂት ልበል። የአበባ ማስቀመጫ ባይገዙም ባይከራዩም ይሻላል፤ ብርሌ ይጠቀሙ። ሆዱ ክብ ስለሆነ በቂ ውሃ ይይዛል፤ አንገቱ ጠባብ ስለሆነ ሁለት ሦስት ዘንግ ያለ ምንም ስፖንጅ ቀጥ አድርጎ ያቆማል፤ ቢጫማ መልኩም ከነጭ ልብስ ጋር ይስማማል። ለስምንት ሰው ጠረጴዛ አምስት ብርሌ በመካከሉ መስመር ላይ እያራራቁ ቢደረድሩ ይበቃል። ስፍራው ለእንጀራውና ለወጡ ጭልፋ ይተርፋል፤ አበባ አብዝቶ ሳህን ማስቀመጫ ያጣ ግብዣ ብዙ አይቻለሁና። ከፍታውን ለመለካት ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ክርንዎን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፉና ክንድዎን ያቁሙ፤ አበባው ከጣትዎ ጫፍ ካለፈ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች አይተያዩም።

ዋናው ሥራ ግን አቀጣጠፉ ነው። ቅዳሜ ማታ ፀሐይ ከገባች በኋላ ወይም እሑድ ማለዳ ጤዛው ሳይነሣ ይቅጠፉ፤ በቀትር የተቀጠፈ አበባ ውሃ ቢሰጡትም በቀላሉ አያገግምም። ባልዲውን ውሃ ሞልተው ይዘው ይውጡ፤ የተቆረጠው ወዲያው ውሃ ውስጥ ይግባ። ጽጌረዳን የውጭ ቅጠሎቹ ገና ሲላቀቁ ይቁረጡት፤ ዳህሊያን ግን ሙሉ ለሙሉ ሳይፈካ አይንኩት፤ እምቡጡ ከተቀጠፈ በኋላ አይከፈትምና። ዘንጉን በሰያፍ ይቁረጡ፤ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል ሁሉ ያራግፉ፤ ውሃውን የሚያበላሸው እርሱ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂና ጥቂት ጠብታ በረኪና ቢያደርጉበት አበባው ይበረታል። ቡገንቪሊያ ካለዎት አጥሩ ላይ ይተዉት፤ እንደተቆረጠ ይጠወልጋል። የካላ ፈሳሽ ቆዳ ስለሚያሳክክ ከቆረጡ በኋላ እጅዎን ሳይታጠቡ ሰላጣ አይንኩ። በአጥርዎ ላይ ኦሊያንደር ወይም የወፍ ቆሎ ካለ፣ ምንም ያህል ቢያምር መርዛማ ስለሆነ ምግብ ካለበት ጠረጴዛ ያርቁት።

ለአረንጓዴው ከጓሮዎ ሌላ ምንም አይፈልጉ። ጥቂት የጥብስ ቅጠልና አሪቲ በመካከሉ ጣል ያድርጉበት። ሽታቸው ከወጡ ጋር አይጣላም፤ ሽታው የሚከብድ አበባ ግን እንግዳን ከምግቡ ያርቃል።

ፒያሳ ያደገ

ብርሌ የተባለው መልካም ነው፤ ሆኖም እኔ ሁልጊዜ ብርጭቆና ማስቀመጫ የምገዛበት ሱቅ ፒያሳ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ቦታው ሲነሣ ባለቤቶቹ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደዋል። አሁን የት እንዳሉ የሚያውቅ ካለ ቢጠቁመኝ አመሰግናለሁ። ከእነርሱ የተሻለ ብርጭቆ በአዲስ አበባ የለም።

ቆጣቢ

ለብርሌው መርካቶ ይሂዱ። አሮጌ ጠርሙስና ብልቃጥ ከወደዱ ደግሞ ምናለሽ ተራ አለልዎት፤ ቆራሌው ከየቤቱ የሰበሰበው መጨረሻው እዚያ ነው። ነገር ግን ከሁሉ በፊት የዕድራችሁን ዕቃ ቤት ጠባቂ ያነጋግሩ። የእኛ ዕድር ሳህኑንም፣ ወንበሩንም፣ ረጃጅም ጠረጴዛውንም ለአባል በትንሽ ገንዘብ ይሰጣል፤ ብርሌም በሣጥን አለው። ዕድር ለኀዘን ብቻ ነው ያለው ማነው?

የሽሮ ሜዳ ደንበኛ

ስለ ጠረጴዛ ልብሱ ማንም አላነሣም። የዕድር ጠረጴዛ ላይ የላስቲክ ልብስ አንጥፈው ይህን ሁሉ አበባ ሊደረድሩ ነው?

አንድ እናት

ከሽሮ ሜዳ ያሠራሁት የጠረጴዛ ልብስ መጀመሪያ ሲታጠብ አንድ ስንዝር አጥሮብኛል። የአልጫው እርድም ከፈሰሰበት ወዲህ ቢጫነቱ አልለቀቀም።

የሽሮ ሜዳ ደንበኛ

ከእኔ ሱቅ ቢሆን ኖሮ አያጥርም ነበር። ደግሞም በሙቅ ውሃ ያጠቡት ይመስለኛል።

አንድ እናት

በቀዝቃዛ ነው ያጠብኩት።

የሽሮ ሜዳ ደንበኛ

እንግዲያው ሳሙናው ነው።

የቀድሞ የሆቴል ባልደረባ

ሸማ ከሆነ ከመለካቱና ከመሰፋቱ በፊት አንድ ጊዜ ማጠብ ነው፤ ማጠሩ የሱቁ ሳይሆን የጥጥ ጠባይ ነው። አዲስ ማሠራት ደግሞ ቀን ይወስዳልና እስከ እሑድ ላይደርስ ይችላል። የተዘጋጀ ነጭ ነጠላ ሁለቱን ጎን ለጎን ቢያነጥፉና ጥለቱ በጠረጴዛው ጫፍ ቢወርድ ከጠረጴዛ ልብስ አያንስም፤ ከግብዣው በኋላም ይለበሳል። እርድ የነካውን ወዲያው በሳሙና አጥበው ፀሐይ ላይ ያስጡት፤ የእርድን ቢጫ ፀሐይ ትለቅመዋለች።

አደይ ወዳድ

አደይ አበባ የሌለበት የጥቅምት ማዕድ ምን ማዕድ ይባላል?

የቀድሞ የሆቴል ባልደረባ

አደይ መስኩ ላይ እንጂ ብርሌ ውስጥ ዕድሜ የለውም፤ ጠዋት የሰኩት እስከ ቡና ሰዓት ሊያጎነብስ ይችላል። ግድ ከሆነ ቡናው በሚፈላበት ጥግ ከቄጤማው ጋር ይጎዝጉዙት፤ እዚያ ቢጠወልግም ማንም አይታዘበውም።

ባለጓሮዋ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስያሜውን በተመለከተ እናቴ «ጸደይም በሉት መፀው፣ አበባዬን በወጉ ቁረጡ» ብላለች። ስለ ጾሙም ትክክል ናችሁ፤ ከታላላቆቹ እንግዶች አምስቱ እንደሚጾሙ ዛሬ አረጋግጠናል። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ፦ ከጎረቤት የተዋስናቸው ስድስት ብርሌዎች ሥራቸው ላይ አሮጌ የጠጅ ዝቃጭ ስለያዘ ብሩሽ አይገባበትም። በምን ይታጠባል?

አንድ እናት

አንድ እፍኝ ወፍራም ጨውና ግማሽ ሎሚ ጨምቀሽ ጨምሪበት፤ ትንሽ ውሃ አክለሽ አፉን በመዳፍሽ ይዘሽ በደንብ ናጪው። ካልለቀቀ የተፈረፈረ የእንቁላል ቅርፊት ጨምረሽ ድገሚው። የእናቴ ዘዴ ነው፤ ብርሌው እንደ አዲስ ይጠራል።

የተቃጠለ

ለማንኛውም ጠዋት መጥቶ የሚያሰናዳ ሰው ፍለጋ ከቀጠልሽ፣ የእኔን ታሪክ አትርሺ።

የሰሚት ነዋሪ

እርሱ እውነት ነው። ቀብድ ያለ ደረሰኝ አይከፈልም።

ፒያሳ ያደገ

የዚያ ሱቅ ሰዎች የት እንደሄዱ እስካሁን የነገረኝ የለም።

ቆጣቢ

እሑድ አልፏል። ጠያቂዋ በመጨረሻ ብርሌው ነው፣ ሸክላው፣ ወይስ ኪራይ? ልብሱንስ ከየት አገኙ?

አደይ ወዳድ

ባለጓሮዋ፣ የእናትዎ ዳህሊያ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ድቡልቡሉን ሥር አካፍለው የሚሰጡ ከሆነ ቀበና ድረስ መጥቼ እወስዳለሁ።

ባለጓሮዋ

ጥቁር ቀይና ሐመር ቢጫ አለን። አሁን ገና እያበበ ስለሆነ ሥሩ አይነካም፤ ቅጠሉ ደርቆ ሲወድቅ በጥር ግድም ይምጡ፤ እናቴ ራሷ ቆፍራ ትሰጥዎታለች።